የማስታወሻ ገበያ

በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የሚውል ሰው ከፊት ይልቅ እጅን ያውቃል። ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ አንድ ቅርንጫፍ የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት የስንቱን እንግዳ እጅ አየሁ! ጠዋት ዶላር ይዞ የመጣው እጅ ከሰዓት በኋላ የጎደለውን ሊመነዝር ሲመለስ ከረጢት አንጠልጥሎ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ የአንገት መስቀል፣ በሸራ ላይ የተሳለች ንግሥተ ሳባ፣ ትንሽ ጀበና፣ ጥለት ያለው የአንገት ልብስ። ብሩ ከእኔ መስኮት ወጥቶ የት እንደሚደርስ አውቅ ነበር። እንዴት እንደሚደርስ ግን በዓይኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ዕለቱ በ2010 ዓ.ም. ከጥር ወር ቅዳሜዎች አንዱ ነበር። ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ አንዲት የጃማይካ ተወላጅ ደንበኛችን ነበሩ። ያረፉበት ሆቴል አስጎብኚ ቀጥሮላቸው ገጸ በረከት ሊገዙ ሲነሡ፣ «አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ አብረኸኝ ሂድ» አሉኝ። የዕረፍት ቀኔ ስለነበረ እሺ አልኩ። አስጎብኚው የእኔ እኩያ፣ አንደበቱ የተባ፣ ትሑት ወጣት ነው። ሦስታችን በአንዲት ታክሲ ተሳፍረን ከካዛንቺስ ወጣን።

ገና ከመነሣታችን እንግዳዬ የሰፈሩን ስም ትርጉም ጠየቁ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የባዕድ ማስታወሻ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ ስሙም በምሕፃረ ቃል «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዛ» ደግሞ ቤት ማለት ነው። «ካዛ ኢንቺስ» በአዲስ አበቤው አፍ ተላምጦ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። እኛም በቀረው ስም ላይ ልጅ ወለድንበት፣ ተጋባንበት፣ ዕድር ጠጣንበት፣ ለቅሶ ተቀመጥንበት። ስለዚህ ለእንግዳዬ፣ «ስሙ የእነርሱ ነው፣ ሰፈሩ ግን የእኛ ነው» ብዬ መለስኩላቸው።

ሰፈሩን የእንግዳ መንገድ ያደረገው ኋላ የመጣው ዘመን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። በየካቲት 1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የነጻዎቹ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ቻርተር በዚያ ፈረሙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሂልተን ሆቴል ተከፈተ። በእነዚሁ ዓመታት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን መሥርተው «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር አገራችንን ለዓለም ያስተዋውቁ ነበር። ስብሰባ ያለበት ከተማ ሆቴል ይሻል፤ በሆቴል ያደረ እንግዳም ወደ ቤቱ ባዶ እጁን መግባት አይሻም። የማስታወሻ ገበያ የቆመው በዚህች ቀላል እውነት ላይ ነው።

በቸርችል ጎዳና ከተደረደሩት ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በአርባ አራት ሳጥን የተከፋፈለው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ፣ ከጎኑ የዓድዋ ጦርነት፣ ከዚያ የግብር አዳራሽ። አስጎብኚው «ጥንታዊ ሥዕል ነው» አለ። ሥዕሉ እንኳ አዲስ ነበር፤ ልማዱ ግን የራሱ ዕድሜ አለው። ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን ሲከፍቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሥሉ የነበሩ ሠዓልያን አዲስ ገዢ አገኙ። ፈረንጁ ግድግዳ ነቅሎ መሄድ አይችልምና ሥዕሉ ወደ ሸራ ወረደ፤ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ ሆነ። ታሪኩን የማያውቅ ገዢ እንዲገባው ደግሞ በየሳጥኑ ተከፋፈለ። ለእንግዳ ዓይን የተሠራው ይህ አሣሣል ዛሬ በእኛም ሳሎን «ባህላዊ» ተብሎ ይሰቀላል። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ሰው ታሪኩን ለእንግዳ ሲተርክ ለራሱም ይተርካልና።

እንግዳዬ ከሥዕሉ አልፈው ከእንጨት ከተጠረበ አንበሳ ፊት ቆሙ። በአጠገቡ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቆቦችና ቲሸርቶች ተሰቅለዋል። ለብቻቸው ሳቁ። የትውልድ ከተማቸው ኦቾ ሪዮስ በጃማይካ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለች፣ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙባት ከተማ ናት። መንገደኛው ከመርከብ ሲወርድ የሱቆች ካርታ በእጁ ይዟል፤ የት ገብቶ ምን እንደሚገዛ ገና በመርከቡ ላይ ሳለ ተነግሮታል። በዚያ ካለው የእደ ጥበብ ገበያ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ታውቃለህን? አሉኝ። የይሁዳ አንበሳና እነዚሁ ሦስት ቀለማት! ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ እርሳቸው ሕፃን ነበሩ፤ የተቀበላቸው ሕዝብ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አልፎ ሜዳውን እንደሞላ ሲወራ ሰምተው አድገዋል። ለጃማይካው ራስ ተፈሪያን አንበሳው እምነት ነው፤ ከመርከብ ለወረደው መንገደኛ የጃማይካ ማስታወሻ ነው። በቸርችል ጎዳና ደግሞ ከጃማይካ የመጣው ቆብ የኢትዮጵያ ማስታወሻ ሆኖ ይሸጣል። «እኛ የእናንተን እንሸጣለን፤ እናንተ የእኛን» አሉና አንበሳውን ሳይገዙት አለፉ።

እኔን ያቆመኝ በመስተዋቱ ሥር የተደረደረው ጠገራ ብር ነው። የባንክ ሰው ነኝና ገንዘብ እንደ ዕቃ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር ሆነብኝ። የኦስትሪያዋ ማሪያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ብር ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የገበያችን ጌታ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ አስመቱ፤ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት ደከመ። ገበሬውና ነጋዴው ግን የለመዱትን አልለቀቁም። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ነው የጠገራው ዘመን ያበቃው። አንጥረኛውም አስቀድሞ ቢሆን ጠገራውን እያቀለጠ፣ አንዳንዴም ሳያቀልጥ እየቆረጠ መስቀል ይሠራበት ነበር። ባለ ሱቁ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አንዱን መስቀል ገልብጠው አሳዩኝ፤ በጀርባው የቀድሞው ገንዘብ ጽሑፍ ጠርዙ ላይ ይታያል። «ጋሼ፣ ዋጋው ስንት ነው?» አልኳቸው። እርሳቸው ግን ከእኔ ይልቅ እንግዳዬን አዩ። ጠገራው ገንዘብ በነበረበት ጊዜ ዋጋው የታወቀ ነበር፤ ማስታወሻ ከሆነ ወዲህ ዋጋው በገዢው ፊት ላይ ይነበባል።

ከዚያ ሱቅ ወጥተን ሁለት ሦስት ቦታ ከዞርን በኋላ አስጎብኚው «እውነተኛው ነገር ያለበት» ወዳለው አንድ ጠባብ ቤት ወሰደን። ባለቤቱ ከጓዳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣና ፈታው። አንድ ቅጠል ብራና ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት እስከ ዳዊት ደርሻለሁና ከአሰላለፉ አወቅሁት፤ መስመሩ አጫጭር፣ ቅዱሱ ስም በቀይ ቀለም። በግራ በኩል ያለው ጠርዙ ግን በምላጭ የተቆረጠ ነው። መጽሐፉ ተበትኖ በቅጠል በቅጠል እየተሸጠ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሕጉን አላውቅም ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጥንታዊ ቅርሶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 229ም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላሉ፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም ያኔ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አውቅ ነበር። ነገር ግን አስጎብኚው በዓይኑ ይለምነኛል፤ ባለቤቱ ያየኛል፤ እንግዳዬ ቦርሳቸውን ከፍተዋል። እኔም ለአፍታ ያ ገንዘብ የእኔ ጉዳይ እንዳልሆነ አስመሰልኩ።

ያዳኑኝ እርሳቸው ናቸው። ጣታቸውን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አሳልፈው «ከምን የተቆረጠ ነው?» አሉኝ። «ከመጽሐፍ» አልኩ። «የቀረውስ?» አሉ። «የቀረውን እንግዲህ ሌሎች እንግዶች ወስደውታል» ስል፣ ቅጠሉን በጋዜጣው ላይ መልሰው አኖሩት፤ ቦርሳቸውንም ዘጉ።

ይህ የሆነው በትንሽ ጓዳ ነው፤ በታላቁ ታሪካችንም እንዲሁ ሆኗል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ። ከገዢዎቹ አንዱ ከጦሩ ጋር የተጓዘው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነበር፤ ከመቅደላ ከተጋዙት ብራናዎች 350 ያህሉም በኋላ ሙዚየሙ ገቡ። የቀረውን መኰንኑና ወታደሩ ለቤቱ ማስታወሻ አድርጎ ወሰደው። እነሆ፣ ከእኛ አገር የማስታወሻ ጉዞዎች ሁሉ ትልቁ! በእኛም ዘመን፣ በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ተሰርቆ በአንድ ቤልጅጋዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ወደ ደብሩ የተመለሰውም በ1993 ዓ.ም. ነው። ዝሆን የሚሸከመውና በጋዜጣ የሚጠቀለለው በመጠን ይለያያሉ። ሁለቱንም ግን የሚያስወጣቸው አንድ ነገር ነው፤ በመካከል ያለ ሰው ዝም ማለቱ።

ከቤቱ ስንወጣ አስጎብኚው ወደ እኔ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ወንድሜ፣ የዛሬ እንጀራዬን ዘጋህብኝ» አለ። አልተቆጣሁትም። የቀን አበሉ የታክሲ ወጪ አይሸፍንም፤ የሚኖረው ባለ ሱቆቹ ከሽያጩ በሚቆርጡለት ድርሻ ነው። ለእንግዳዬ ስተረጉምላቸው አልደነቃቸውም፤ «በእኛም አገር ያለው ይኸው ነው» አሉ። ከዚያም ሽሮ ሜዳ እንድንሄድ ጠየቁ። በዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሠሩትን ነጠላና ጋቢ፣ አስጎብኚው የሚያውቀው ሱቅ ገብተው፣ ድርሻውም እንዲደርሰው አስበው ገዙ። ተሰናብቶን ሲሄድ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ አንድ ነገር ከልክዬ ተመለስኩ፤ እርሳቸው ግን ሁላችንንም አስታርቀው ተመለሱ።

ማታ ከሆቴላቸው በር ላይ ስንለያይ፣ «አንተስ ለራስህ ማስታወሻ ገዝተህ ታውቃለህን?» አሉኝ። ሳቅሁ። ሰው በገዛ ሰፈሩ ተቀምጦ ማስታወሻ ምን ያደርግለታል?

መልሱን ያገኘሁት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ ካዛንቺስ ደረሰ፤ ቤታችንም ከሚነሡት ጋር ሆነ። ከብዙ ጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ገላን ጉራ ተዛወርን። አዲሱ ቤት ውኃው በቤት ውስጥ ነው፤ መጸዳጃው የጋራ አይደለም፤ እናቴ ለዚህ ሳታመሰግን የዋለችበት ቀን የለም። ዕቃ በምንጭንበት ጠዋት ግን ቤቱን ዞርኩት፤ የምወስደው ፈለግሁ። ሥልሳ ዓመት ሙሉ በደጃችን ያለፈው እንግዳ ከእኛ አንድ ነገር ይዞ ሄዷል፤ በዚያ ቤት የተወለድኩት እኔ ግን ምንም አልያዝኩም። በመጨረሻ በሩ ላይ ያለችውን የቤት ቁጥር የተጻፈባትን ቆርቆሮ በመዶሻ ጀርባ ነቀልኳት። ምስማሩ አብሮ መጣ።

ገላን ጉራ እንደደረስን ከአዲሱ ቤት በር በላይ ልሰቅላት መሰላል ላይ ወጣሁ። እናቴ ከታች ሆና አየችኝና፣ «ተው ልጄ፣ ቁጥሩ የዚህ ቤት አይደለም፤ እንግዳ ታሳስታለህ» አለችኝ።

ወረድኩ። ቆርቆሮዋ አሁን በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ናት።