የአሻንጉሊት ባቡር ቋንቋ የማን ነው?

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ዘወር ብለን ስለ አሻንጉሊት ባቡር እናውራ። «ሥራ ፈታህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታገሱኝ፤ ነገሩ መጨረሻ ላይ ወደ እኛም ቤት ይመጣል።

«ኤን» የሚባል የሞዴል ባቡር ዓይነት አለ። ከእውነተኛው 160 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ። የጀርመኑ አርኖልድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ስንቱ ጎልማሳ ጠረጴዛው ላይ ከተማና ተራራ ሠርቶበታል።

የድሮው አነዳድ ቀላል ነበር። ኤሌክትሪኩን ሐዲዱ ላይ ትለቃለህ፤ ስትጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ስታገላብጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ችግሩ ሁለተኛ ባቡር ስታስገባ ይመጣል፤ ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይቆማሉ። የምትነዳው ሐዲዱን እንጂ ባቡሩን አይደለም። ሰዎች ሐዲዱን እየቆራረጡ ለየቁራጩ ማብሪያ ማጥፊያ በመግጠም ዓመታት አሳለፉ።

መፍትሔው እያንዳንዱን ባቡር በስሙ መጥራት ነበር። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1963 «አስትራክ» የተባለ ባለ 5 ቻናል መሣሪያ አወጣ። በ1979 የእንግሊዙ ሆርንቢ 16 ባቡሮችን ለየብቻ የሚያዝ «ዜሮ ዋን»ን ይዞ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ ማርክሊን 80 አድራሻ ያለው ዲጂታል ሲስተም አቀረበ። ግን ሁሉም የየራሱን ቋንቋ ነበር የሚናገረው። የአንዱን መቆጣጠሪያ ከገዛህ ቺፑንም ከዚያው ቤት ትገዛለህ። ያ ቤት ምርቱን ያቆመ ቀን ያንተም ባቡር ዲዳ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ ቻርጀር የነበረበትን ዘመን አስታውሱ።

እዚህ ላይ ሌንዝ የሚባል ትንሽ የጀርመን ኩባንያ ይመጣል። ለአርኖልድና ለማርክሊን ዲጂታል ሲስተም ሠርቶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዲኮደሮቹ በ1989 ለአርኖልድ ወጡ። ስምምነቱ ቢፈርስም ሌንዝ ሥራውን ቀጠለ።

በሌላ በኩል በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር አፍቃሪዎች ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ገና ከጅምሩ የተለያዩ አምራቾች ፉርጎዎች በአንድ ሐዲድ እንዲሄዱ የጎማና የሐዲድ ልክ ሲያወጣ የኖረ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አምራቾችን ጠይቆ፣ መርምሮ፣ የሌንዝን ሥራ መሠረት አድርጎ አንድ የጋራ ደንብ አዘጋጀ። ደንቡ ከመጽደቁ በፊት በጥቅምት 1993 በአንድ መጽሔት ታትሞ ለሁሉም ቀረበ። ዛሬ ዲሲሲ የሚባለው ይህ ነው።

ደንቡ የሚገዛው ሐዲዱ ላይ የሚሄደውን መልእክት ነው። ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ ይገለባበጣል፤ አጭሩ ግልበጣ (58 ማይክሮ ሰከንድ) «1» ነው፣ ረዘም ያለው «0»። ኃይሉም ትእዛዙም በአንድ ሐዲድ ይመጣሉ። ባቡሩ ሆድ ውስጥ ያለው ዲኮደር የራሱን አድራሻ ሲሰማ ብቻ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል። በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ግን ደንቡ ለአምራቾቹ ተወው፤ እዚያ ላይ ዛሬም የአንዱ ከሌላው የማይገጥም አለ።

ደንቡ ወረቀት ላይ ቢጸድቅም በየቤቱ ያሉት ባቡሮች አልሰሙትም። ያንን ሥራ የሠሩት ካቻቢቴና ሞረድ የያዙ ሰዎች ናቸው።

በ«ኤን» መጠን ሥራው ፈተና ነው። በብዙዎቹ የድሮ ባቡሮች ሻሲው ራሱ ሽቦ ነው፤ ለሁለት የተከፈለ ብረት ሆኖ፣ አንዱ የግራውን ሌላው የቀኙን ሐዲድ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ከሻሲው ፈጽሞ መለየት አለበት። አንድ ንክኪ እንኳ ከቀረ ዲኮደሩ ይቃጠላል። ከዚያ ብረቱን ሞርዶ ለቺፑ ቦታ ማውጣት፣ በመልቲ ሜትር ደጋግሞ መለካት፣ ከዚያ ሽቦዎቹን መበየድ ነው። የሽቦዎቹ ቀለም እንኳ በጋራ ደንብ የታወቀ ነው፤ ቀይና ጥቁር ወደ ሐዲድ፣ ብርቱካንማና ግራጫ ወደ ሞተር፣ ነጭ ለፊት መብራት። የማንንም ኩባንያ ዲኮደር ብትገዛ ቀዩ ያው ቀይ ነው።

ቆይቶ አምራቾቹ ራሳቸው ባለ 6 ቀዳዳ ሶኬት እየገጠሙ መሸጥ ጀመሩ። በሞረድ የተጀመረው በፋብሪካ ተጠናቀቀ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። የጋራ ደንብ ብቻውን አይበቃም፤ የገዛኸውን ዕቃ መክፈት መቻል አለብህ። መክፈት ብቻውንም አይበቃም፤ ከፍተህ የምታስገባው ነገር የአንድ ነጋዴ ምርኮኛ የሚያደርግህ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ሁለቱ ስለተገናኙ ነው ዲሲሲ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ባቡር ዛሬ ከተሠራ መቆጣጠሪያ ጋር የሚነጋገረው።

አሁን ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቴሌቪዥኑን፣ ስልኩን፣ የሶላር ባትሪውን፣ ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም መኪናውን። ሠሪው ድርጅት ነገ ቢዘጋ የትኛው ከሌላ ጋር ይነጋገራል? የትኛውንስ ሰፈራችሁ ያለው ጠጋኝ መክፈት ይችላል?

መልሱን ከታች ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።