የቤት ማእድ ቤትና የአውራጃ ፈቃድ

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ በመኖሪያ ቤት የበሰለ ትኩስ ምግብ መሸጥ ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ በሩን ገርበብ ቢያደርግም፣ የፈቀደው እንደ ዳቦና ማርማላታ ያሉትን በቶሎ የማይበላሹ ምግቦች ብቻ ነበር።

የትኩስ ምግብ ተራ የደረሰው በ2018 ነው። አዲሱ ሕግ ከንግድ ማእድ ቤት የሚጠየቀውን ሁሉ ከመኖሪያ ቤት አልጠየቀም፤ የዕቃ ማጠቢያው ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እስካለውና በሚገባ እስከሠራ ድረስ ይበቃል አለ። ለመሐንዲስ ዓይን ይህ አስተዋይ ድንጋጌ ነው፤ የመዘነው የዕቃውን ዓይነት ሳይሆን የሚሰጠውን አገልግሎት ነውና። በአንጻሩ መጠኑን አጠበበ፤ ይኸውም በቀን ከ30፣ በሳምንት ከ60 ሰው ምግብ፣ በዓመትም ከ50,000 ዶላር ሽያጭ እንዳይበልጥ ነው። ተቆጣጣሪው የማእድ ቤቱን አቅም አይቶ የምግቡን ቁጥር ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም።

ትልቁ ጉድለት ግን ፈቃድ የመስጠቱ ውሳኔ ለየአውራጃው መተዉ ነበር። የሪቨርሳይድ አውራጃ በ2019 ቀድሞ ሲፈቅድ፣ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ስለዚህም በአንድ ዓይነት ምድጃ፣ በአንድ ዓይነት ድስት፣ ከወሰኑ ግራና ቀኝ ከሚያበስሉ ሁለት ሴቶች አንዲቱ ባለፈቃድ፣ ሁለተኛይቱ ሕግ ተላላፊ ሆነች። በ2023 ጣሪያው በሳምንት ወደ 90 ሰው ምግብ፣ በዓመት ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ቢልም፣ የጠቀመው አውራጃው የፈቀደለትን ብቻ ነው። በሕዝብ ብዛት አንደኛ የሆነው የሎስ አንጀለስ አውራጃ በሩን የከፈተው በ2024 ነበር።