መኪና መያዝ በሐዋሳ፦ ጥቅሙ፣ ወጪውና የሕግ ዕዳው

ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከፒያሳ ተነስቶ እስከ አሞራ ገደል በባጃጅ፣ በብስክሌት፣ ካሻም በእግር ይደረሳል። ስለዚህ የግል መኪና እዚህ እንደ አዲስ አበባ የዕለት ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ ሌሊት በሽተኛ ለሚያነሳ ቤተሰብ፣ ወይም ይርጋለምና ወንዶ ገነት ጉዳይ ላለው ሰው ጥቅሙ አያከራክርም። 275 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ለሚመላለስ ነጋዴማ ምን ይባላል!

ወጪውን ባለመኪና ሁሉ ያውቀዋል። ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ቦሎ፣ ጋራዥ። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በሌላው ዓለም መኪና በተገዛ ማግስት ዋጋው ይወድቃል፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ያየዋል።

ብዙ የማይነገረው የሕጉ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለቤቱ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ አያድነውም። የሚያድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው። ቁልፉን ለወንድምዎ ልጅ ሲሰጡ ኃላፊነቱ ከእርስዎ ጋር ይቀራል ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የስም ዝውውር ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ሲባል መኪና በውክልና ብቻ ይሸጣል። ገዥው ለሌላ፣ ሌላው ለሦስተኛ ያሳልፈዋል። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ መጥሪያ የሚደርሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ሸጫለሁ ብሎ መከራከር ይችላል፤ ግን ክርክሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ከአዋጅ ቁጥር 559/2000 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም ቢሆን ጣሪያ አለው፤ ትርፉን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ባጃጅ በበዛበት ከተማ ቁጥር 2084ም መታወቅ አለበት። ሁለት ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ፣ የጠቅላላውን ጉዳት እኩሌታ እያንዳንዱ ባለቤት ይሸከማል። ውድ መኪና ሲጎዳ፣ ባጃጁ ራሱ ቢሸጥ እኩሌታውን ላይሸፍን ይችላል።