የቆየ ተሽከርካሪ ሞተር አልነሳ ሲል፡ ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ሊያከናውናቸው የሚገቡ ፍተሻዎች

በሀገራችን ረጅም ዓመታት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች በርካታ ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ፣ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠብቆ የማቆየት አስፈላጊነት ይበልጥ ጨምሯል። ሞተር አልነሳ ሲል ምክንያቱ ሳይለይ ባትሪ፣ ሞተሪኖ ወይም ካንዴላ መቀየር ባለንብረቱን ላልተገባ ወጪ ይዳርጋል፤ ብልሽቱም እንዳለ ሊቀጥል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭ ደረጃ በደረጃ ለመለየት የሚያስችል መረጃ ይሰጣል።

ቅድመ ጥንቃቄ

ተሽከርካሪውን ሜዳማ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ማርሹን ፎሌ ላይ ያድርጉ። በተዘጋ ጋራዥ ወይም ግቢ ውስጥ ሞተር አያስነሱ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

1. ቁልፉን ሲያዞሩ የሚሰማውን ያዳምጡ

ቀጣዩን እርምጃ የሚወስነው ይህ ነው።

• ምንም ድምፅ ከሌለና የዳሽቦርድ መብራት ካልበራ ወይም ከደበዘዘ፦ ባትሪውን ወይም የባትሪ ሞርሴቲዎችን ይጠርጥሩ።
• በፍጥነት ደጋግሞ "ጠቅ ጠቅ" የሚል ከሆነ፦ ባትሪው ኃይል አንሶታል።
• መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ፦ ችግሩ በአብዛኛው ከሞተሪኖው ነው።
• ሞተሩ በተለመደው ፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ፦ ባትሪውና ሞተሪኖው ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ፍተሻው ወደ ነዳጅና ወደ እሳት ይዙር።

2. ባትሪና ሞርሴቲ

በሞርሴቲዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ካለ ወይም በእጅ ሲነኩ የሚነቃነቁ ከሆነ፣ አጽድቶ ማጥበቅ ብቻውን ችግሩን ሊፈታ ይችላል። ሲፈቱ አሉታዊውን አስቀድመው፣ ሲያስሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያድርጉት።

በቴስተር ሲለካ ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ልኬቱ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ ይገባዋል። ካልደረሰ ዲናሞው ወይም የዲናሞው ቺንጋ መታየት አለበት። በዚህ ሁኔታ አዲስ ባትሪ መግዛት መፍትሔ አይሆንም፤ እሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል።

3. ነዳጅ

በቆዩ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ መለኪያው ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን መጠን ስለማያሳይ፣ በታንከሩ ውስጥ ነዳጅ መኖሩን በሌላ መንገድ ያረጋግጡ። ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮው መደፈኑ፣ ፓምፑም ነዳጅ መግፋቱ ይታያል።

ካርቡሬተር ባለው ሞተር ላይ ጠንካራ የቤንዚን ሽታ ካለ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበታል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ የነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠው፣ ሳያርገበግቡ፣ ለማስነሳት ይሞክሩ። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላዎች በተደጋጋሚ የሚጠቁሩ ከሆነ ከመቀየር በፊት ካርቡሬተሩን ማስተካከል ይቀድማል።

4. እሳት

በክረምት ወራት የካንዴላ ገመዶችና የዲስትሪቢዩተር ክዳን እርጥበት ይዘው እሳት ሊያጠፉ ይችላሉ። ቁልፉን አጥፍተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም የተላጠ ገመድ መኖሩንም ይመልከቱ። የእሳቱን ብልጭታ የመሞከር ሥራ ግን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላለው ለባለሙያ ይተው።

5. የናፍጣ ሞተር

የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ አይጠቀምም። ጠዋት በብርድ ብቻ አልነሳ የሚል ከሆነ ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴላዎች ይፈተሹ፤ የማሞቂያ ምልክቱ ሳይጠፋም ቁልፉን ወደ ማስነሻ አያዙሩ። ነዳጅ አልቆበት ከነበረ ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ፣ በመስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፓምፑ መውጣት አለበት።

ሊወገዱ የሚገባቸው ድርጊቶች

• ሞተሪኖን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ማዞር። በየሙከራው መካከል ቢያንስ 30 ሰከንድ ያሳርፉት።
• ለማስነሳት በካርቡሬተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ። ይህ የእሳት አደጋ ያስከትላል።
• ተሽከርካሪን በቁልቁለት ወይም በትራፊክ መካከል ገፍቶ ማስነሳት። ሞተሩ ካልሠራ ፍሬኑም መሪውም ሊከብድ ይችላል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ተሽከርካሪ በመግፋት አይነሳም።
• በባትሪ አጠገብ ክብሪት መጫር ወይም ሲጋራ ማጨስ። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ

ሞተሩ ሲዞር የሰሙትን ድምፅ፣ ችግሩ የሚከሰተው በብርድ ወይም በሙቀት ጊዜ መሆኑን፣ የለኩትን ቮልት እንዲሁም በቅርቡ የተቀየሩ ዕቃዎችን ለመካኒኩ ያስረዱ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱልዎትና ደረሰኝ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት ከተባሉ ከመስማማትዎ በፊት የሁለተኛ ባለሙያ አስተያየት ማግኘት ይመከራል። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሰፈረ በመሆኑ፣ የሞተር ለውጥ ሲደረግ የግዢ ሰነዱን ይዞ ተሽከርካሪው በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል።