ጓያ፦ በክፉ ቀን የሚበላ፣ እግር የሚያስር እህል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ ዋልካ መሬት ገና ውሃ እንዳቆረ ነው። ለሌላ እህል የማይመቸው ይህ መሬት ለጓያ ይስማማዋል። ገበሬው ዘሩን ይበትናል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይጥልም ጓያው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል፣ ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣ ዛላ ይይዛል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ውሃ መተኛቱንም ሆነ ድርቁን ይችላል። ጤፉና ስንዴው በከዱበት ዓመትም ጎተራ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው።

መከራውም የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ለሚበላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያመጣም። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ግን የእግር ጡንቻ ይገተራል፣ ጉልበት ይተሳሰራል፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ እግሮቹን እያጣመረ ይሄዳል። ሐኪሞች የሕመሙን ደረጃ በምርኩዝ ይለያሉ፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ መሬት ለመሬት የሚድህ። አእምሮ አይነካም። የታሰረው እግር ግን አይመለስም፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም። በብዛት የሚመታውም ወጣት ወንዶችን ነው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ ጥራጥሬ አዘውትረው በልተው እግራቸው የሰነፈ ሰዎችን አንስቷል። በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1671 የጓያ ዱቄት ዳቦ ውስጥ እንዳይገባ አዘዘ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከለከለች፤ መርዙንም እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው ያወጡት ሕንዳውያን ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ በያኔው ትራንስኒስትሪያ በነበረው የቫፕኒያርካ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች በቀን 400 ግራም ጓያ ይሰጣቸው ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ብዙዎቹ ሽባ ሆኑ። እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱን አውቆ አጋለጠ፤ የጓያው ቀለብም ቆመ።

በኢትዮጵያ ሕመሙን በሳይንስ መዝግበው ካሳወቁት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት አንዱ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ሕመሙ በሰሜን ምዕራብ ገጠር በስፋት መኖሩን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ ደግሞ ወሎ ውስጥ በደላንታ ዳውንት ከ2,000 በላይ ሰዎች በአንድ ወረርሽኝ ተጎዱ። እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ የቀረበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወረርሽኝ የወጣው ትምህርት ያለው ከምጣዱና ከድስቱ ዘንድ ነው። ለብቻው ተቆልቶ፣ በንፍሮና በእሸት የሚበላ ጓያ አደጋው ከበድ ይላል። ከእህል ጋር ተደባልቆ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካለበት ወጥ ጋር የበሉት በአንጻሩ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። በሸክላ ድስት የሚቀቀለው ጓያ ከብረት ድስቱ ይልቅ ከሕመሙ ጋር ተያይዞ መገኘቱም ተመራማሪዎቹን አስገርሟል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የመርዙን መጠን ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ ግን ውሃና ማገዶ ያስፈልጋል፤ ድርቅ የመታው ቤት በቀላሉ የማያገኛቸው ሁለት ነገሮች ናቸው።

የግብርና ተመራማሪዎች መርዙ የቀነሰ ዝርያ ሲያወጡ ቆይተዋል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም፤ ንብ የአንዱን ማሳ የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው እያደረሰች ዝርያውን ትቀላቅላለች፣ የመርዙም መጠን እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ይለዋወጣል። ስለዚህ ዝርያ ማሻሻሉ ብቻውን አይበቃም። ድርቅ ሲጠና ለጓያ አምራች ወረዳዎች ሌላ እህል ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ጓያውን ከእህል ጋር እንዲያደባልቁትም ገበሬዎቹ ከመከሩ በፊት መመከር ይገባቸዋል።