ሊኑክስ ጠባቂ ያስፈልገዋልን?

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ቫይረስ አይደፍረውም ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። ታሪክ ግን ምን ይላል?

ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1983 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያስታውቅ አርአያው ዩኒክስ የሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ነበር። የሁለቱም ብርታት ተራውን ሠራተኛ ከአስተዳዳሪው በሥልጣን መለየታቸው ነው። ሆኖም ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ሮበርት ሞሪስ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠሩ የዩኒክስ ኮምፒዩተሮችን ከሥራ አስተጓጐለ።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያም «ሚራይ» የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም በሊኑክስ የሚሠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ማረከ። የገባውም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይለወጥ በቀረ የይለፍ ቃል ነው። እንግዲህ ወራሪው ያልተዘጋ በር እንጂ የባለቤቱን ማዕርግ አይፈልግም፤ በአማኑኤል ከተማ ያለ ጽሕፈት ቤትም እንደ አዲስ አበባው ሚኒስቴር ይፈተናል።

መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየትን ተከታትሎ፥ ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች በሚጠቀሙበት «ኤክስዚ» በተባለ መሣሪያ ውስጥ የተሸሸገ ምስጢራዊ በር መኖሩን ገለጠ። ባይነቃበት ኖሮ ጉዳቱ ብዙ አገሮችን ባዳረሰ ነበር።

አገራችንም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለችም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን በሰኔ 2012 ዓ.ም. አስታውቋል።

ስለዚህ ሊኑክስ ጽኑ ግንብ ቢሆንም ዘበኛ ያስፈልገዋል። የይለፍ ቃልን መለወጥ፥ ፕሮግራሙን በየጊዜው ማደስ፥ ለዕለት ሥራ የአስተዳዳሪን ሥልጣን አለመጠቀም፥ የመዝገብን ቅጂ በሌላ ስፍራ ማኖር ተገቢ ነው። የሕዝብ መዝገብ አደራ ነውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።