የወንጂ ትኩሳት

ከአዳማ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ያለው የወንጂ ሸንኮራ እርሻ ታሪክ ሲነሣ ስለ ስኳሩ ብዙ ይባላል፤ ስለ ትኩሳቱ ግን «ወባ» ተብሎ ይታለፋል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር አዋሽን በቦይ እየመራ ሜዳውን አጠጣ። ውሃው ትንኝ ማራባቱ አያከራክርም። ነገር ግን ያ ውሃ ሌላም ትኩሳት ያመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሌፕቶስፓይሮሲስን። ይህ ትኩሳት ከታሪኩ የተዘለለው በሐኪሞች ቸልተኝነት አይመስለኝም። የሸሸገው የበሽተኛው ደም ራሱ ነው።

ተህዋሱ ከአይጥና ከከብት ሽንት ወደ ውሃ ይገባል፤ ከውሃው ደግሞ በተላጠ ቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይዘልቃል። የሸንኮራ ቅጠል ክንዱን የቧጨረው፣ በባዶ እግሩ ቦይ የሚሻገር ቆራጭ በሩ ክፍት ነው። ሲታመም ያተኩሰዋል፣ ባቱን ይቆረጥመዋል፤ ከጠናበት ዓይኑ ቢጫ ይሆንና «የወፍ በሽታ» ይባላል። ደሙ ቢመረመር ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ወርዶ፣ ደም አንሶ ይገኛል። መቅኔያቸው በተመረመረ አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ፕሌትሌት የሚወልዱት ትልልቅ ሴሎች በቦታቸው ታይተዋል፤ እጥረቱ የመጣው ከምርት ማነስ ሳይሆን ፕሌትሌቱ ደም ሥር ውስጥ እያለቀ ነው ማለት ነው። በሌሎች ላይ ግን መቅኔው ራሱ ደክሞ ተገኝቷል። ችግሩ፣ ወባም፣ ግርሻ የሚባለው ትኩሳትም ፕሌትሌት ያወርዳሉ፣ ደምም ያሳንሳሉ። ነጭ የደም ሴል መብዛቱ ጥርጣሬ ቢያጭርም ስም አይሰጥም። የደሙ ስላይድ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ሲቀለም የወባው ጥገኛና የግርሻው ጥምዝ ተህዋስ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ የሌፕቶስፓይሮሲሱ ግን እጅግ ቀጭን ስለሆነ ቀለሙን አይዝም። ስለዚህ ስላይዱ ባዶ የሆነበት በሽተኛ እንኳ የወባ መድኃኒት ቢሰጠው አያስገርምም።

ወባ በእርግጥ ገዳይ አልነበረምን? ነበር እንጂ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የተነሣው ወረርሽኝ ብቻ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ግን ወባ መብዛቱ ሌላውን ትኩሳት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከብቶችና ፈረሶች ደም ውስጥ የሌፕቶስፓይሮሲስን ምልክት በብዛት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ደግሞ ወንጂ ላይ ከተመረመሩ 59 ትኩሳታሞች 28ቱ ምልክቱ ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የደም ምልክትም ካለፈ ሕመም ሊቀር ይችላል የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ሆኖም ያለፈ ሕመም ምልክት ለሕክምና ባይበቃም ለታሪክ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን ከዚህ ተህዋስ ጋር ተገናኝተው ነበር ማለት ነውና። የሸንኮራ እርሻ ይህን በሽታ እንደሚያመጣ ደግሞ ቀድሞ ታውቆ ነበር። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ቆራጮች በዚሁ በሽታ ሲወድቁ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ አቁመው፣ አይጡ እንዲሸሽ ሸንኮራው ሳይቆረጥ በፊት ይቃጠል ብለው ታግለዋል።